ዋክስ ወይስ ሲላንት? ስለ መኪና ቀለም ጥበቃ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ዋክስ ይሻላል ወይስ ሲላንት የሚል ክርክር ሲነሳ ብዙ የሚወራው በዕቃው ውስጥ ስላለው ነገር ነው፤ የሚጠበቀው ምን እንደሆነ ግን እምብዛም አይጠየቅም። በዛሬዎቹ መኪኖች ላይ መልክ የሚሰጠው ቀለም ራሱ ለፀሐይና ለዝናብ በቀጥታ የተጋለጠ አይደለም። ከላሜራው በላይ ዝገት የሚከላከል ሽፋን፣ ቀጥሎ ፕራይመር፣ በእሱ ላይ ቀለሙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክሊር የሚባለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ይገኛል። የክሊሩ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ብቻ ነው፤ የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን ስናስብ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ይገባናል። ዋክስም ሆነ ሲላንት የሚቀባው በዚህ ስስ ሽፋን ላይ ሲሆን፣ ተግባሩም በክሊሩ ፈንታ መቆሸሽ፣ መፋቅና ማለቅ ነው። ዋክስ በአብዛኛው ካርናውባ ከተባለው የሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ዘንባባ ቅጠል ከሚገኝ ሰም ይዘጋጃል። ሲላንት ደግሞ በፋብሪካ የሚሠራ ፖሊመር ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከሲሊኮን ወገን ይመደባል።

«ፖሊሽ፣ ዋክስና ሲላንት ልዩነታቸው የስም ብቻ ነው»

ከሁሉም የተሳሳቱ አመለካከቶች ጉዳቱ የከፋው ይህ ይመስለኛል፤ ሌሎቹ ገንዘብና ጊዜ ሲያባክኑ ይህኛው ተመልሶ የማይተካ ነገር ይወስዳልና። ፖሊሽ የሚፈገፍጉ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶችን የያዘ ነው። ሥራው ከክሊሩ ላይ ስስ ንጣፍ እየፋቀ የጭረቶቹን ጠርዝ ማስተካከልና ገጹን ማለስለስ ነው፤ አንጸባራቂነት የሚመለሰውም በዚሁ መንገድ ነው። ዋክስና ሲላንት በአንጻሩ ምንም አይፍቁም፤ ከላይ ይጨምራሉ እንጂ። ስለዚህ «በየወሩ ፖሊሽ አስደርጋለሁ» የሚል ባለንብረት ቃሉን የተጠቀመው ዋክስ ለማለት ከሆነ መኪናውን እየጠበቀ ነው፤ በእርግጥ ፖሊሽ እያስደረገ ከሆነ ግን ሊጠብቀው የሚፈልገውን ሽፋን በገዛ እጁ እያሳሳ ነው።

ይህ መደበላለቅ የራሱ ታሪክ አለው። ክሊር በስፋት ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት፣ ማለትም በፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 1980ዎቹ ድረስ፣ አብዛኞቹ መኪኖች የሚቀቡት መልኩንም አንጸባራቂነቱንም በአንድነት በያዘ ቀለም ነበር። እንዲህ ያለው ቀለም በፀሐይ ሲደበዝዝ የሞተውን የላይኛ ንጣፍ ፍቆ ማንሳትና ወዲያው ዋክስ መቀባት እንደ አንድ ሥራ ይቆጠር ነበር፤ ምክሩም ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ቀለሙ መለወጡን ሳያስተውል ቀጠለ። ዛሬም ቢሆን ፍቆ የሚያስተካክልና መጠበቂያ የሚተው በአንድ ጠርሙስ የተዘጋጀ ምርት ይሸጣል፤ ስለሆነም ገዢው በመለያው ላይ «ያጸዳል» ወይም «ጭረት ያስወግዳል» የሚል ነገር ካየ ውስጡ ፈጋፊ ሊኖረው እንደሚችል አስቦ መግዛት ይኖርበታል።

«መቶ በመቶ ካርናውባ የሆነ ዋክስ ከሁሉም ይበልጣል»

ንጹሕ ካርናውባ እንደ ድንጋይ የጠነከረና ሲመታ የሚሰባበር ሰም ሲሆን የሚቀልጠውም ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በስፖንጅ መቀባት አይቻልም። ስለዚህ በማንኛውም የመኪና ዋክስ ውስጥ ሰሙ ከማሟሟቻ፣ ከዘይትና ብዙ ጊዜም ለስላሳ ከሆኑ ሌሎች ሰሞች ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል፤ «መቶ በመቶ» የሚለው ጽሑፍም የሚናገረው ውስጡ ያለው ካርናውባ ያልተበረዘ መሆኑን እንጂ ዕቃው በሙሉ ካርናውባ መሆኑን አይደለም። ዘንባባው ሰሙን የሚያመነጨው በደረቁ ወቅት ቅጠሉ ውሃ እንዳይተንበት ነው፤ ውሃ የመግፋት ጠባዩ በቀለም ላይም የሚያገለግለው ለዚህ ነው። ይሁንና «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ብቻውን የጥራት ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ የተቀላቀሉበት ማሟሟቻዎች አብዛኛውን ጊዜ የነዳጅ ውጤቶች ናቸውና።

«ሲላንት አንድ ጊዜ ከተቀባ ዓመቱን ሙሉ ያለሐሳብ መንዳት ይቻላል»

በእርግጥ በዕድሜ ረገድ ሲላንት ይበልጣል። ዋክስ እንደ አያያዙ ከጥቂት ሳምንታት እስከ ሦስት ወር ሲቆይ፣ ደህና ሲላንት በጥሩ ዝግጅት ከተቀባ ከአራት እስከ ስድስት ወር ሊያገለግል ይችላል። ነገር ግን እነዚህ ቁጥሮች ለመኪናው በሙሉ እኩል አይሠሩም። ኮፈኑና ጣሪያው ፀሐዩን፣ አቧራውንና የወፍ ኩሱን ፊት ለፊት ስለሚቀበሉ መጠበቂያቸው ቀድሞ ያልቃል፤ ኮፈኑ በዚያ ላይ የሞተሩን ሙቀት ይጨምርበታል። በጎን ያሉት በሮች ግን በዚያው ጊዜ ገና ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። ከዚህ የሚከተለው ጠቃሚ ልማድ መኪናውን በሙሉ እስኪያልቅበት ከመጠበቅ ይልቅ ኮፈኑንና ጣሪያውን በእጥፍ ደጋግሞ መቀባት ነው።

የአስተጣጠቡም ነገር አለ። አልካሊ የበዛበት ኃይለኛ ማጽጃ እንዲሁም የሚሽከረከር ብሩሽ ያለው አውቶማቲክ ማጠቢያ ሁለቱንም ዓይነት ቅብ ያሳጥራሉ። ምርጫውን በተመለከተ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ውጭ የሚያድር፣ በየቀኑ የሚነዳና ባለቤቱ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ጊዜ የሚያገኝለት መኪና ሲላንት ያስፈልገዋል። በመጠለያ ውስጥ ለሚቆምና ባለቤቱ በየወሩ ደስ ብሎት ለሚንከባከበው መኪና ደግሞ ዋክስ ምንም አያንሰውም። ከዕቃው ይልቅ ወሳኙ ሰውየው በእርግጥ ስንት ጊዜ ሊቀባ እንደሚችል ነው፤ በታቀደለት ወር ያልተደገመ ምርጥ ዋክስ ካለመኖሩ የሚለየው ጥቂት ነው።

«ውሃው እንደ ዶቃ ክብ ክብ ከሆነ ጥበቃው አለ፤ ካልሆነ አልቋል»

ይህ ምልክት ግማሽ እውነት ስላለው በጥንቃቄ መታየት ያለበት ነው። ውሃ በዋክስ ወይም በሲላንት ላይ ሲወድቅ ከገጹ ጋር ለመጣበቅ ከመፈለግ ይልቅ እርስ በርሱ ስለሚሳሳብ ይሰበሰባል። ያየነው እንግዲህ የገጹን ውሃ የመግፋት ጠባይ ነው፤ የሽፋኑን ውፍረትም ሆነ የቀረውን ዕድሜ አይነግረንም። ስስ የአቧራና የጭስ ንጣፍ ከላይ ከተኛ፣ ከሥሩ ያለው ሲላንት ደህና ሆኖ ሳለ ውሃው መሰብሰቡን ሊተው ይችላል፤ መኪናው በደንብ ሲታጠብም ጠባዩ ይመለሳል። በተቃራኒው አንዳንድ ሻምፖዎች ውስጣቸው ሰም ወይም ፖሊመር ስላለ ከታጠበ በኋላ ለጥቂት ቀናት ውሃ እንዲሰበሰብ ያደርጋሉ፤ ባለቤቱም ዋናው መጠበቂያ ገና አለ ብሎ ይታለላል። ትክክለኛው ፈተና ምንም በማይጨምር ሻምፖ አጥቦና በደንብ አለቅልቆ ከዚያ በኋላ ውሃውን መመልከት ነው።

ብዙ ዶቃ ማለት ብዙ ጥበቃ ማለት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ጨዋማነት ያለው ውሃ በፀሐይ ላይ ክብ ሆኖ ከደረቀ በያለበት የማዕድን ክብ ነጠብጣብ ይተዋል፤ ይህ ነጠብጣብ ሳይነሳ ሲቆይ ክሊሩን ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ገጹ ውሃውን እንደ ሻሽ አንሸራትቶ የሚጥል ሲላንት ዶቃው ባያምርም ለአንዳንድ ሁኔታ የተሻለ ነው። የትኛውም ቢቀባ ግን ታጥቦ የተተወ መኪና በማይክሮፋይበር ጨርቅ መድረቅ አለበት።

«ዋክስ ጭረት ያጠፋል፤ ከጠጠርም ይከላከላል»

የተቀባው ሽፋን ከአንድ ማይክሮን ያነሰ ነው። ዘይት የበዛበት ዋክስ ጥቃቅን ጭረቶችን ሞልቶ ለጊዜው ሊሰውራቸው ይችላል፤ ዘይቱ ሲታጠብ ግን ጭረቱ እንደነበረ ይወጣል። ከጎማ የሚፈናጠር ጠጠርን ለመቋቋም የሚችለው ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚወፍር የሚለጠፍ ፊልም ብቻ ነው።

የወፍ ኩስና የዛፍ ሙጫ ነገር ለብቻው መነገር ይኖርበታል። ብዙ ሰዎች ሲላንት ስላስቀቡ ኩሱን ለሳምንት መተው የሚችሉ ይመስላቸዋል። ጉዳቱ የሚደርሰው በአሲዱ ብቻ አይደለም፤ በፀሐይ የሞቀው ክሊር ይለሰልሳል፣ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ በደረቀው ኩስ ቅርጽ ዙሪያ ይረጋል። መጠበቂያው የሚሰጠው ጥቂት ተጨማሪ ሰዓታትና ቆሻሻው ሳይፈገፈግ በቀላሉ እንዲነሳ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ አርሶ፣ አለስልሶ ማንሳት የባለቤቱ ድርሻ ሆኖ ይቀራል። ስለ ፀሐይም እንዲሁ ነው፤ አልትራቫዮሌት ጨረርን በዋናነት የሚመክቱት በክሊሩ ውስጥ የተቀላቀሉ ኬሚካሎች ናቸው እንጂ ከላይ የተቀባው ስስ ቅብ አይደለም። ክሊሩ አንዴ መላላጥ ከጀመረ የትኛውም ዋክስ አያድነውም።

«ወፈር አድርጎ መቀባት ይበልጥ ይጠብቃል»

ትርፉ በሙሉ ተጠርጎ የሚወጣ ስለሆነ አይጠብቅም። ወፍራም ቅብ ለመድረቅ ይቸገራል፣ ሲጠረግ ያስቸግራል፣ በፕላስቲክ ክፍሎች ጠርዝም ነጭ ምልክት ይተዋል። ሁለተኛ ዙር መቀባት ጥቅም የሚኖረው በመጀመሪያው የተዘለለ ቦታ ካለ ለመሸፈን ነው። በፀሐይ ላይ በጋለ ላሜራ መቀባትም ቅቡን ያለጊዜው አድርቆ ጭረት መሳይ ግርፍ ያስከትላል፤ ጥላ ሥር፣ ላሜራው በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ ሲሆን መሥራት ይገባል።

«ሁለቱን ደራርቦ መቀባት ከሆነ ቅደም ተከተሉ ለውጥ የለውም»

ለውጥ አለው። ሲላንት ከክሊሩ ገጽ ጋር በቀጥታ መያያዝ ይፈልጋል፤ ከሥሩ ሰምና ዘይት ካገኘ የሚይዘው ክሊሩን ሳይሆን ሰሙን ስለሚሆን ከሰሙ ጋር አብሮ ይለቃል። መጀመሪያ ሲላንት ተቀብቶ እንደ ምርቱ መመሪያ፣ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት፣ ውሃ ሳይነካው ከቆየ በኋላ ዋክስ ከላይ ቢታከል ግን ጉዳት የለውም። ይህን የሚያደርጉት በአብዛኛው ዋክስ ለጥቁርና ለጥልቅ ቀለሞች የሚሰጠውን ሞቅ ያለ መልክ የሚወዱ ሰዎች ናቸው። መልኩ ይኖራል፤ ሆኖም የአንጸባራቂነቱ ዋና ምንጭ የገጹ ልስላሴና ንጽሕና በመሆኑ፣ በሚገባ የተዘጋጁ ሁለት በሮችን አንዱን በዋክስ፣ ሌላውን በሲላንት ቀብቶ ልዩነቱን በዓይን መለየት ከሚታሰበው በላይ ይከብዳል።

ዝግጅቱ ከምርጫው የሚበልጠውም ለዚህ ነው። ታጥቦ የደረቀን ኮፈን እጅን በስስ ፌስታል ከቶ መዳሰስ ብዙ ነገር ይገልጣል፤ ባዶ እጅ ያልተሰማው የብረት ብናኝና የደረቀ ሙጫ በፌስታሉ ሥር እንደ አሸዋ ይሻክራል። ይህ ቆሻሻ ክሌይ በሚባለው እንደ ሊጥ በሚለሰልስ ማጽጃ፣ ገጹን እያራሱ ካልተነሳ በስተቀር ውዱም ርካሹም ሲላንት የሚቀባው በቆሻሻ ላይ ነው።

«አዲስ መኪናም ሆነ ቀለሙ አዲስ የተቀባ መኪና ወዲያው ዋክስ ወይም ሲላንት መቀባት አለበት»

ሁለቱ አንድ አይደሉም። የፋብሪካ ቀለም የሚጋገረው በ140 ዲግሪ አካባቢ በሚሞቅ ምድጃ ውስጥ ስለሆነ መኪናው ለገዢው ሲደርስ ቀለሙ ፈጽሞ የደረቀ ነው፤ በዚያው ቀን ሲላንት ቢቀባ ችግር የለውም። ከግጭት በኋላ በጋራዥ የተቀባ ፓራፋንጎ ግን መኪናው ላይ ጎማና ፕላስቲክ ስላለ ከዚያ እጅግ ባነሰ፣ ብዙ ጊዜ በ60 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ወይም ያለ ሙቀት ይደርቃል፤ ሲነኩት የደረቀ ቢመስልም ከውስጡ ማሟሟቻ መውጣቱ ይቀጥላል። ይህ እንዳይታፈን ቀለም ቀቢው የሚሰጠውን ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር፣ መታገሥ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ መኪናው በለስላሳ ሻምፖ ከመታጠብ በቀር ሌላ አይሻም።

«የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና የድሮውን ቅብ ጠርጎ ያወጣል»

የደከመ ዋክስን ሊያሳሳ ይችላል፤ በደንብ የያዘ ሲላንትን ግን ውሃ የመግፋት ጠባዩን ለጊዜው ሸፍኖበት ያልፋል እንጂ አያነሳውም። የድሮውን ማንሳት የፈለገ ሰው ክሌይ፣ ለዚሁ የተዘጋጀ ማጽጃ ወይም ቀለል ያለ ፖሊሽ መጠቀም አለበት። ጉዳዩ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው መኪናው ዳግም ቀለም ሊቀባ ሲል ነው፤ የሲሊኮን ቅሪት ባለበት ገጽ ላይ አዲስ ቀለም ሲረጭ ቀለሙ ከቅሪቱ ይሸሽና እንደ ዓሣ ዓይን ያሉ ክብ ክብ ጉድጓዶች ይፈጠራሉ። ስለሆነም መኪናውን ለቀለም ሥራ የሚያስረክብ ባለቤት ሲላንት የተቀባ መሆኑንና መቼ እንደተቀባ ገና የብርጭቆ ወረቀት ሳይነካው ለቀለም ቀቢው መንገር ይኖርበታል።