በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ ግቢዎች የተማሪዎች የአእምሮ ጤና ድጋፍ

የተማሪዎች የአእምሮ ጤና ድጋፍ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አንድ ቢሮ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። በከተማዋ ዳርቻ ባሉ ግቢዎች ግን ድጋፉ ከዚያ ይሰፋል። የዶርም ጓደኛ፣ ዶርሙን የሚቆጣጠረው ፕሮክተር፣ የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ግቢ ጉባኤ፣ የሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓ፣ የፕሮቴስታንት ተማሪዎች ፌሎውሺፕ፣ የግቢው ክሊኒክ ሁሉም ድርሻ አላቸው። የምክር ቢሮው ከእነዚህ ጋር ካልተሳሰረ ተማሪው ሳያውቀው ተመርቆ ሊወጣ ይችላል።

አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው በደቡብ ዳርቻ፣ ቂሊንጦ ነው። በምሥራቅ በኩል ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ መምህራንን ሲያሠለጥን የኖረው፣ ዛሬ የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ተቋም አለ። በየአቅጣጫው ደግሞ የግል ኮሌጆች ተተክለዋል። የግል ኮሌጅ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ዶርም የለውም። ተከራይቶ ወይም ከቤተሰብ ጋር ይኖራል። ሲከፋው የሚያየው ፕሮክተርም የለም።

ዕድሜው ራሱ አሳሳቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ሰፊ የአሜሪካ ጥናት፣ በሕይወት ዘመን ከሚያጋጥሙ የአእምሮ ሕመሞች ሦስት አራተኛው እስከ 24 ዓመት ባለው ጊዜ እንደሚጀምሩ አሳይቷል። የእኛ ተማሪ በዚህ ላይ የሚጨመርበት ብዙ ነው። በወረዳው አንደኛ ሲወጣ የኖረ ልጅ ቂሊንጦ ሲደርስ ዶርሙ ውስጥ ያሉት ሁሉ አንደኛ ሲወጡ የኖሩ ናቸው። የመጀመሪያው ሚድ ፈተና ውጤት ሲወጣ ስለ ራሱ ያመነው ነገር ይናጋል። ለቤተሰብ ደውሎ መናገርም ይከብዳል። ምክንያቱም ቤት ውስጥ ተስፋው እሱ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ጦርነት የስልክ መስመር ሲቋረጥ ደግሞ ወላጆቻቸው በሕይወት መኖራቸውን ሳያውቁ ክፍል የገቡ ተማሪዎች ነበሩ። እንዲህ ያለውን ሐዘን በምንም የአጠናን ምክር መሸፈን አይቻልም።

ጭንቀቱ የሚበረታበት ጊዜ ግን አስቀድሞ የታወቀ ነው። ፍሬሽማን የሚገባበት ወር፣ ሚድና ፋይናል፣ ውጤት የሚለጠፍበት ሳምንት ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ተጨመሩ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጥቶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ሆኑ። ቀሪ ቦታዎችን ለመሙላት ሪሚዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት ተጀመረ። ሪሚዲያል የገባ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ ብሎ በሙሉ ልቡ መናገር አይችልም፤ በትምህርቱ መጨረሻ ካላለፈ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የመውጫ ፈተና ተጀመረ። ለመመረቅ 50 በመቶ ያስፈልጋል። የምረቃ ልብሱን ያዘዘ፣ ዘመድ የጠራ ጂሲ (ተመራቂ ተማሪ) ውጤቱን የሚጠብቅባቸው ቀናት ከባድ ናቸው።

ታዲያ የምክር አገልግሎቱ በእነዚህ ቀናት መጠናከር ሲገባው፣ ብዙ ጊዜ በሥራ ሰዓት በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። ተማሪው ግን በሥራ ሰዓት ክፍል ነው። ቢሮው ከተማሪዎች ዲን ጎን ከሆነ ደግሞ ሰው ያየኛል ብሎ ይሸሻል። ምሥጢር ይወጣል የሚለው ፍርሃት እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። አማካሪው የመጀመሪያ ሥራው የተነገረው ነገር ወደ ዲፓርትመንት እንደማይሄድ፣ ምሥጢርነቱ የሚላላውም ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ብቻ እንደሆነ በግልጽ መናገር ነው።

ለውጡን ቀድሞ የሚያየው የዶርም ጓደኛ ነው። ልጁ ካፌ መሄድ ሲያቆም፣ ሌሊት ሳይተኛ ቀን ሲተኛ፣ ክፍል ሲቀር፣ ንብረቱን ለሰው ማደል ሲጀምር ያያል። ግን ምን ማድረግ እንዳለበት የነገረው የለም። «ራስህን ስለመግደል እያሰብክ ነው?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። አዎ ካለ ብቻውን አይተዉትም፤ ያን ሌሊት አብሮት የሚያድር ሰው ይኖራል፣ ፕሮክተርና ክሊኒክ እንዲያውቁ ይደረጋል።

የእምነት ኅብረቶች ከቢሮው የበለጠ ይታመናሉ። ብቸኛ የነበረ ልጅ እዚያ ወንድምና እህት ያገኛል። ችግሩ ድባቴን የእምነት ድክመት አድርገው ሲያዩት ነው። ፀበል እየተጠመቁ መድኃኒት መውሰድ ይቻላል፤ ይህን ከአማካሪ ይልቅ የግቢ ጉባኤው አባት ቢናገሩት ይሰማል።

ለከባድ ሕመም ሆስፒታል ያስፈልጋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ከቂሊንጦ ተነስቶ በታክሲ እዚያ መድረስ ለደከመ ሰው ቀላል አይደለም። ለኮተቤ አካባቢ የሚቀርበው፣ በ2012 የኮቪድ ማዕከል የነበረው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ሪፈር የጻፈ ክሊኒክ ተማሪው መድረሱን ቢከታተል፣ ካልሆነም አብሮት የሚሄድ ሰው ቢመድብ ብዙ ሕክምና መንገድ ላይ አይቀርም ነበር።

ከሁሉም የሚዘነጋው ዲስሚሳል የሆነ፣ ማለትም በውጤቱ ምክንያት ከትምህርት የተሰናበተ ተማሪ ነው። ውጤቱ በተለጠፈ ሳምንት ክሊራንስ ይዞ ቤተ መጻሕፍት፣ ዶርም፣ ካፌ እየዞረ ያስፈርማል። መጽሐፍና ፍራሽ መመለሱን ይጠይቁታል እንጂ እንዴት ነህ፣ ወዴት ትሄዳለህ የሚለው የለም። ብዙዎች ለቤተሰብ ሳይናገሩ ከግቢ ውጭ ቤት ተከራይተው ይቀራሉ። በክሊራንሱ ወረቀት ላይ የምክር ቢሮው አንድ ፊርማ ቢኖረው እያንዳንዱ ተሰናባች ከመውጣቱ በፊት አንድ ባለሙያ ያነጋግረዋል። ስለ ሪአድሚሽን፣ ተመልሶ ስለ መግባት፣ ያስረዳዋል፤ ለቤተሰቡ እንዴት እንደሚነግር አብረው ያስባሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላም ይደወልለት። ስልክ ቁጥሩ ሬጅስትራር ዘንድ አለ።