“ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ”፦ የተረቱ ፍቺና የአፍሪካ ዋንጫ አስተናጋጆች

አንድ አገር የአፍሪካ ዋንጫን ልታስተናግድ ጥቂት ወራት ሲቀሯት ስታዲየሟ ገና በክሬን ተከቦ ከታየ፣ እኛ ዘንድ የሚነገረው የታወቀ ነው፦ “ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ”። ሬዲዮም ይለዋል፣ ጋዜጣም ይጽፈዋል፣ ኳስ ተመልካቹም ይደግመዋል። አባባሉ ይገጥማል። ግን የውድድሩን ታሪክ አገላብጦ ላየ ሰው፣ ሁልጊዜ በምንለው ቦታ ላይ አይገጥምም።

መጀመሪያ ፍቺው። ሰርገኛ ሙሽራውን አጅቦ የሚመጣው ሰው ነው፦ ሚዜው፣ ዘመዱ፣ ጓደኛው። ይህ ሰው ድንገት ደርሶ በር አያንኳኳም። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ ወራት ተቆጥሮ ነው የሚመጣው። በርበሬ ደግሞ በአንድ ጀምበር አይደርስም። ዛላው ይገዛል፣ ይቀነጠሳል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ይደለዛል። እንደገና ይሰጣል፣ ቅመም ይገባበታል፣ ይፈጫል። ወጡ የሚሠራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መቀንጠስ እንግዲህ የሥራው መጀመሪያ ነው። ተረቱ የሚያላግጠው እንግዳው ደጅ ሲደርስ የመጀመሪያውን ሥራ በሚጀምር ቤት ላይ ነው። ትንሽ በዘገየው ላይ አይደለም።

“ቀንጥሱ” የሚለውን ማን እንደሚናገረውም ልብ በሉ። ቀንጣሾቹ አይደሉም። የድግሱ ባለቤት ነው፣ ደንግጦ የሚያዝዘው። ቀኑን ሲያውቅ ከርሞ ዝም ያለው እሱ ነው። ስለዚህ ተረቱ የሚወቅሰው አዛዡን እንጂ ጎንበስ ብሎ የሚሠራውን ሰው አይደለም።

ዘመድ ተረቶችም አሉት። “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” ነገሩ ካለፈ በኋላ ለሚንጫጫ ነው። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” ደግሞ በጥድፊያ የተሠራ በጥድፊያ እንደሚፈርስ ይናገራል። የኛው ተረት በሁለቱ መሀል ነው። ነገሩ አላለፈም፣ ገናም አልፈረሰም። እንግዳው በር ላይ ቆሟል።

አሁን ወደ ኳሱ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአፍሪካ ዋንጫ ሲጀመር ድግሱ ትንሽ ነበር። በ1957 ካርቱም ላይ የተጫወቱት ሦስት ቡድኖች ብቻ ናቸው፦ ሱዳን፣ ግብፅና ኢትዮጵያ። አራተኛዋ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾችን ቀላቅላ አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያም የግማሽ ፍጻሜ ተጋጣሚ አጥታ በቀጥታ ለፍጻሜ አለፈች። እዚያ ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን፣ አራቱንም ያስቆጠረው አድ-ዲባ ነበር። ውድድሩ በሁለት ጨዋታ አለቀ። ለእንዲህ ያለ ድግስ በርበሬው በዋዜማው ቢቀነጠስም ማንም አይራብም ነበር።

በ1962 ተራው የኛ ሆነ። አዲስ አበባ ላይ አራት ቡድኖች ተገናኙ። በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት፣ በይድነቃቸው ተሰማ አሰልጣኝነት፣ ኢትዮጵያ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን አነሳች። የዋንጫው ታሪክ ሲነሳ ይህን ሳይናገር የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ የለም፤ እኔም አላልፍም። በ1968 ስምንት ቡድኖች ወደ አዲስ አበባና አስመራ መጡ። በ1976 ደግሞ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ተቀበሏቸው። ከዚያ በኋላ የእንግዳው ቁጥር እያደገ ሄደ። በ1992 ሴኔጋል ላይ 12 ቡድን ተጫወተ። በ1996 ለ16 ታቀደ። በ2019 24 ደረሰ። ሃያ አራት ቡድን ማለት 52 ጨዋታ ነው። ስታዲየሙ፣ የልምምድ ሜዳው፣ ሆቴሉና መንገዱ በዚያው ልክ ይበዛል። አስተናጋጆች እየተደናበሩ ድግሱን መልቀቅ ያበዙትም ድግሱ ከሰፋ በኋላ ነው።

የ1996ቱን ዋንጫ እንድታስተናግድ ቀድማ የተመረጠችው ኬንያ ነበረች። ዝግጅቷ አልደርስ ሲል ውድድሩ ለደቡብ አፍሪካ ተሰጠ። አዎ፣ በ1957 ከድግሱ የወጣችው ደቡብ አፍሪካ። አፓርታይድ አብቅቶ ነበር። አገሪቱ ከጥቂት ወራት በፊት፣ በ1995፣ የራግቢ የዓለም ዋንጫን አስተናግዳለች። ሜዳውም ሆቴሉም የእንግዳ አቀባበሉም ዝግጁ ነበር። ናይጄሪያ ሳትመጣ ቀረችና በ15 ቡድን ተጫወቱ። ባለቤቷ ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች፤ ሁለቱንም ያገባው ማርክ ዊሊያምስ ነው።

በ2000 ተራው የዚምባብዌ ነበር። እሷም ተነጠቀች። የተተኩት ጋናና ናይጄሪያ ናቸው። ናይጄሪያ በ1999 የዓለም ወጣቶች ዋንጫን አዘጋጅታ ገና መጨረሷ ነበር። የ2013ቱ ደግሞ የሊቢያ ነበር። ጦርነት መጣና ወደ ደቡብ አፍሪካ ዞረ። እዚያ የ2010 የዓለም ዋንጫ ስታዲየሞች ቆመው እየጠበቁ ነበር። ሊቢያን በተመለከተ ተረቱን መጥቀስ ነውር ይመስለኛል። ቤቱ እየተቃጠለ ያለን ሰው በርበሬህን ለምን አልቀነጠስክም አይሉትም።

የ2015ቱ ታሪክ የሁሉም ንጉሥ ነው። አስተናጋጇ ሞሮኮ ስትሆን ዝግጅቷ ምንም አልጎደለውም ነበር። ግን ምዕራብ አፍሪካ ላይ ኢቦላ ተነሳና ውድድሩ ይራዘምልኝ አለች። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) አይሆንም አለ። በኖቬምበር 2014 አጋማሽ ድግሱ ለኢኳቶሪያል ጊኒ ተሰጠ። የመክፈቻው ጨዋታ ጃንዋሪ 17 ነበር። ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ማለት ነው። ይህች አገር በዚያው ዓመት ሕጋዊ ያልሆነ ተጫዋች አሰልፋለች ተብላ ከማጣሪያው የተባረረች ናት። ከድግሱ የተባረረው እንግዳ የድግሱ ባለቤት ሆኖ ተመለሰ! እንዲህ ያለውን ነገር የአፍሪካ ኳስ ብቻ ነው የሚያሳየን።

እንዴት ቻለችው? መልሱ ቀላል ነው። በ2012 ከጋቦን ጋር አብራ አስተናግዳ ነበር። የባታና የማላቦ ስታዲየሞች ያኔ ተፈትነዋል፤ ሞንጎሞና ኤቤቢዪን ተጨመሩ። ቡድኗም ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። “ሲሮጡ የታጠቁት” የሚለው ግን እዚያ ላይ መጣ። ከጋና ጋር የተደረገው ግማሽ ፍጻሜ በተመልካች ረብሻ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቋረጠ። ቢሆንም ውድድሩ ተጠናቀቀ። ኮትዲቯር በፍጹም ቅጣት ምት 9 ለ 8 ጋናን አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች።

በሁለት ወር የተጠራው ደጋሽ ከቻለ፣ ዓመታት የተሰጠው እንዴት ያቅተዋል? ካሜሩን በ2014 ነው ለ2019 የተመረጠችው። በኖቬምበር 2018 ካፍ ነጠቃት። ምክንያቱ የግንባታ መዘግየትና የጸጥታ ስጋት ነበር። ብዙዎች ተረቱን ያወጡት ያኔ ነው። እኔ ግን ለካሜሩን ጥብቅና ልቁም። በ2014 የተጠራችው ለ16 ቡድን ነበር። በ2017 ካፍ ራሱ ቁጥሩን 24 አደረገው፤ ጊዜውንም ከጃንዋሪ ወደ ጁን አዛወረው። ድግሱ ከታወጀ በኋላ የጥሪ ወረቀት የጨመረው ካፍ ነው። “ቀንጥሱ” ብሎ የሚጮኸው ደግሞ ያው ካፍ ሆነ። የአዛዡ ነገር ያልኳችሁ እዚህ ላይ ይመጣል።

በጃንዋሪ 2019 ግብፅ ተተካች። የቀራት ጊዜ ስድስት ወር አይሞላም። ግን ግብፅ በ1959፣ በ1974፣ በ1986 እና በ2006 ደግሳለች። ስታዲየም አላት፣ ልምድ አላት፣ የሚያስተናግድ ሰው አላት። ሃያ አራቱንም ቡድን ተቀበለች። አንድ ቀልድ ግን አለው። ለአስተናጋጅነቱ ከግብፅ ጋር የተወዳደረችው ደቡብ አፍሪካ ነበረች። ድግሱን ያጣችው ይህቺው አገር ካይሮ ድረስ መጥታ ባለቤቷን ከጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ዙር 1 ለ 0 አሰናበተቻት።

ተረቱን እኛ ስለ ጊዜ ማጠር አድርገን እንጠቀምበታለን። የአፍሪካ ዋንጫ ግን የሚያሳየው የጓዳን ነገር ነው። ኢኳቶሪያል ጊኒ፣ ግብፅና ደቡብ አፍሪካ የተጠሩት በመጨረሻው ሰዓት ነው፤ ግን ለሌላ ድግስ የተቀነጠሰ በርበሬ በቤታቸው ነበር። ጊኒ በተቃራኒው በ2014 ተመርጣ፣ ተራዋ ከ2023 ወደ 2025 ተገፍቶላት፣ በ2022 ተነጠቀች። ስምንት ዓመት ሙሉ ተነግሯታል። ቦታዋን ሞሮኮ ወሰደች። ችግሩ ይህ አካሄድ ባለ ጓዳውን ብቻ እየደጋገመ ደጋሽ ማድረጉ ነው። ጊኒና ዚምባብዌ እስካሁን አንዴም አላስተናገዱም።

ካሜሩን በመጨረሻ በጃንዋሪ 2022 ደገሰች። እዚህ ላይ ግን ተረቱን አስቀምጠዋለሁ፣ ምክንያቱም አያስቅም። በኦሌምቤ ስታዲየም በር ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ ስምንት ሰዎች ሞቱ። ክፍት መሆን የነበረበት በር ተዘግቶ ነበር። ስታዲየሙ ደርሷል፣ ሰው የማስገባቱ ሥራ ግን አልደረሰም።

ኮትዲቯርም የራሷ ታሪክ አላት። ውድድሩ የዝናቡን ወቅት እንዲሸሽ ከ2023 ወደ ጃንዋሪ 2024 ተሻገረ። በሴፕቴምበር 2023 ኤቢምፔ በሚገኘው አዲሱ ስታዲየም የወዳጅነት ጨዋታ ሲደረግ ዝናብ ጣለ። ሜዳው ኩሬ ሆነ፣ ጨዋታውም ተቋረጠ። ሕዝቡ ተናደደ። ሜዳው በጥድፊያ ታደሰ። በውድድሩ ባለቤቷ በዚያው ሜዳ በኢኳቶሪያል ጊኒ 4 ለ 0 ተደቆሰች። አሰልጣኟን መሀል ላይ አባረረች። ከዚያ በጥሩ ሦስተኛነት ሾልካ አለፈችና ዋንጫውን በላች። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” የሚሉ አባቶች ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?

በሌላው ስንስቅ ተረቱ ወደ ቤታችንም መጥቷል። በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ብቻ የሚሰለፉበት የአፍሪካ አገራት ሻምፒዮና፣ ቻን የምንለው፣ የ2020ው ለኢትዮጵያ ተሰጥቶ ነበር። አልደረስንም። ለካሜሩን ተሰጠ። ያውም ጥቂት ቀደም ብሎ እኛው “ቀንጥሱ” ስንላት ለነበረችው ካሜሩን። ብሔራዊ ቡድናችንም የካፍን መስፈርት የሚያሟላ ሜዳ አጥቶ “የሜዳችን” የምንለውን ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወት ቆይቷል። ሦስት ጊዜ የደገሰ ቤት ነው ይሄ። ጓዳም ካልታደሰ ይራቆታል።

ተረቱን ስትጠቀሙበት እንግዲህ ሁለት ነገር እዩ። ቀጠሮው አስቀድሞ የታወቀ ነው ወይ? እንግዳው የመጣው በተባለው ቁጥር ነው ወይ? ሁለቱም “አዎ” ከሆነ ያለ ይሉኝታ ተናገሩት። ድንገት ለተጠራ ወይም እንግዳ ለተደረበበት ሰው ግን ስድብ ይሆናል።

የሚቀጥለው ደጋሽ በ2027 ኬንያ፣ ታንዛኒያና ኡጋንዳ በጋራ ናቸው። ሦስቱ በ2025 ቻንን አብረው አስተናግደዋል። ያም ቢሆን መጀመሪያ ለፌብሩዋሪ ታቅዶ፣ ሜዳዎቹ አልደርስ ብለው ወደ ኦገስት ከተገፋ በኋላ ነው። ኬንያ በ1996 ያጣችውን ዋንጫ ከ31 ዓመት በኋላ ልታስተናግድ ነው። የተመረጡት በሴፕቴምበር 2023 ነው፤ የቡድኑ ቁጥርም ያኔ እንደተነገራቸው 24 ነው።