የዶኒ እጆች፦ የህንዱ ዊኬት ኪፐር ጉዞ
ክሪኬት ለማያውቅ ሰው ዊኬት ኪፐር ማለት ከመቺው ጀርባ ጓንት አርጎ ቁጢጥ የሚለው ተጫዋች ነው፣ መቺው የሳታትን ኳስ ይይዛል፣ መቺው ከመስመሩ ወጣ ብሎ ካገኘው ደግሞ በኳሷ ሶስቱን እንጨቶች መትቶ ያስወጣዋል፣ ይሄ ስታምፒንግ ይባላል። በዚህ ስራ ከህንዱ ማሄንድራ ሲንግ ዶኒ የፈጠነ እጅ እኔ አላየሁም።

የተወለደው በ1981 ራንቺ ውስጥ ነው (አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ተማሪ እያለ የእግር ኳስ በረኛ ነበር፣ ክሪኬት ላይም ጓንቱን ነው የሰጡት። ከ2001 ጀምሮ ካራግፑር ባቡር ጣቢያ ትኬት ተቆጣጣሪ ሆኖ እየሰራ ይጫወት ነበር፣ በ2004 መጨረሻ ለህንድ ተሰለፈና በመጀመሪያው ጨዋታ ባንግላዴሽ ላይ አንድም ራን (ሁለቱ መቺዎች ጫፍ ለጫፍ ሮጠው ቦታ ሲለዋወጡ የሚገኝ ነጥብ) ሳያገኝ ራን አውት ሆነ፣ ማለትም እየሮጠ ሳይደርስ እንጨቱ በኳስ ተመታበት፣ በኛ ሰፈር ጨዋታ ቋንቋ ተቃጠለ ማለት ነው። በአመቱ ግን ፓኪስታን ላይ 148፣ ስሪላንካ ላይ ደግሞ ሳይወጣ 183 መታ።

ሰው ስለ ዶኒ ሲያወራ ካፕቴንነቱን ነው የሚያነሳው፣ እውነትም የ2007ቱን ቲ20 (አጭሩ የክሪኬት አይነት) አለም ዋንጫ፣ የ2011ዱን አለም ዋንጫና የ2013ቱን ቻምፒየንስ ትሮፊ ወስዷል፣ በ2011 ሙምባይ ላይ ፋይናሉን በሲክስ (ኳሷ መሬት ሳትነካ ከሜዳው ስትወጣ የሚገኝ ስድስት ራን) የጨረሰውም ራሱ ነው፣ 91 ራን ይዞ ሳይወጣ። ለኔ ግን እጁ ይበልጥብኛል። ሌሎች ኪፐሮች ኳሷ እንዳትነጥርባቸው እጃቸውን ወደኋላ እየሳቡ ይይዙና ከዛ ወደ እንጨቱ ይመለሳሉ፣ እሱ ግን እጁን ሳይስብ እዛው እንጨቱ አጠገብ ቀልቦ ይነካዋል፣ መቺው ዞር እስኪል አልቋል። ኦዲአይ በሚባለው፣ በአንድ ቀን በሚያልቀው የአገሮች ጨዋታ አይነት ብቻ፣ በተጫወተበት ዘመን ሁሉ 123 ሰው እንዲህ አስወጥቷል፣ ሪከርድ ነው።

ማርች 2016 ባንጋሎር ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ባንግላዴሽ ህንድን ለማሸነፍ በመጨረሻዋ ኳስ 2 ራን ነው የምትፈልገው። ዶኒ ኳሷ ሳትወረወር በፊት የቀኝ እጁን ጓንት አወለቀ፣ ምክንያቱም በጓንት መወርወር ይከብዳል። የህንዱ ሃርዲክ ፓንድያ ወረወረ፣ መቺው ሳታት፣ ሌላው መቺ ሙስታፊዙር ከወዲያኛው ጫፍ ተነስቶ በረረ፣ አንዷ ራን ብትሞላ እኩል ናቸው፣ ዶኒ ግን አልወረወረም፣ ኳሷን ይዞ ሮጠና ቀድሞት እንጨቶቹን አፈረሳቸው። ህንድ በ1 ራን አሸነፈች።

ለህንድ የመጨረሻ ጨዋታው በ2019 የአለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ነበር፣ የኒውዚላንዱ ማርቲን ጉፕቲል ከሩቅ ወርውሮ በቀጥታ እንጨቱን መታውና ዶኒ 50 ላይ እያለ ራን አውት ሆነ፣ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን። ኦገስት 2020 ከብሄራዊ ቡድን ተሰናበተ፣ ለክለቡ ለቼናይ ሱፐር ኪንግስ ግን መጫወቱን አላቆመም። በ2023ቱ የአይፒኤል (የህንድ ክለቦች ሊግ) ፋይናል የቡድን ጓደኛው ጃዴጃ ሲወረውር የተጋጣሚው መቺ ሹብማን ጊል ትንሽ ወደፊት ወጣ አለ፣ ዶኒ ገና ሳይመለስ ስታምፕ አደረገው። 41 አመቱ ነበር።