ግሬድ የተሰጠው ሳንቲም ድጋሚ ስለመላክ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ሆኖ ሳንቲም መሰብሰብ የጀመረ ሰው መጀመሪያ ሞርጋን ዶላር የሚባለውን የድሮ የአሜሪካ የብር ሳንቲም ይገዛል፣ ቆይቶ የምኒልክ ብር ያምረዋል፣ ከዛ በኋላ ሳንቲም አይተው ደረጃ (ግሬድ) የሚሰጡ ድርጅቶች ባሸጉበት ፕላስቲክ (ስላብ) ላይ የተፃፈችው ቁጥር እንቅልፍ መንሳት ትጀምራለች። ይሄ ኤምኤስ (ሚንት ስቴት፣ ገበያ ላይ ያልዋለ ማለት ነው) 64 የተባለው እኮ 65 ነው፣ ድጋሚ ልላከው ወይስ ይቅር? እዚህ ጋ ከሰው የሚሰማው ወሬ ብር ያስወጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ ሳንቲሙን ራሱን ያበላሻል፣ ስለዚህ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ልሂድባቸው።

«ግሬድ ልኬት ነው፣ ከተሳሳቱ ድጋሚ ሲያዩት ያርሙታል»

ክብደት ልኬት ነው፣ ግሬድ ግን ሰዎች አይተው የሚስማሙበት አስተያየት ነው። ከ1 እስከ 70 ያለው ስኬል ራሱ ዊልያም ሼልደን የሚባል ሰው በ1949 ለድሮ የአሜሪካ ትላልቅ የመዳብ ሳንቲሞች ያወጣው ነው፣ በኋላ ነው ለሁሉም የተዘረጋው። አንዳንድ ሳንቲም በ64 እና በ65 መሃል ድንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ዛሬ 64 ነገ 65 ቢባል ማንም አልተሳሳተም። ድጋሚ መላክ የሚያዋጣው እንደዚህ ላለው ነው፣ ለተራው 64 አይደለም።

እንዴት ትለያለህ ካልክ ክፍሉን አጨልመህ አንድ መብራት ብቻ አብራ፣ ሳንቲሙን ቀስ እያደረክ አዘንብለው፣ ብርሃኑ ሳይቆራረጥ ዙሪያውን መሽከርከር አለበት። ሞርጋን ላይ የሴትየዋን ጉንጭ እና ከፊቷ ያለውን ባዶ ቦታ እይ፣ ፀጉሯ ውስጥ የተደበቀ ጭረት ብዙ አይጎዳም፣ ያው ጭረት ጉንጯ ላይ ከሆነ ግን አለቀ። ከዛ ሄሪቴጅ የሚባለውን አጫራች ድርጅት የድሮ ጨረታ ፎቶዎች ከፍተህ በዛው ዓመት ከተመቱት፣ 64 እና 65 ከተሰጣቸው ጋር አስተያየው። ካንተ የሚበልጡ ብዙ 64ቶች ካገኘህ ፖስታ ቤት አትሂድ።

«ድጋሚ መላክ ያው አንድ ነገር ነው»

አይደለም፣ መንገዱ አራት ነው፣ ሰው ብዙ የሚከስረውም እዚህ ጋ ነው። ሪኮንሲደሬሽን ሳንቲሙ ፕላስቲኩ ውስጥ እንዳለ ይታያል፣ ይገባዋል ካሉ ከፍ ይላል፣ ካልሆነ እንደነበረ ይመለሳል፣ ዝቅ አይልም። ሪግሬድ ላይ ግን ከስላቡ አውጥተው እንደ አዲስ ነው የሚያዩት። ክሮስኦቨር የአንዱን ድርጅት ስላብ ለሌላው መላክ ነው፣ ለምሳሌ ኤንጂሲ የሚባለው ግሬድ ሰጪ ድርጅት ያሸገውን ፒሲጂኤስ ለሚባለው፣ ፎርሙ ላይ የምትቀበለውን ዝቅተኛ ግሬድ ትፅፋለህ፣ እሱን ካላሟላ በነበረበት ስላብ ይመለስልሃል፣ የአገልግሎት ክፍያው ግን ሄዷል። አራተኛው ራስህ ሰብረህ ማውጣት ነው። የትኛውን እንደምትመርጥ የሚወስነው ሳንቲሙ ነው። ፕላስቲኩ ተጭሮ ወይም ደብዝዞ የሳንቲሙን ውበት ከሸፈነው በስላቡ ውስጥ ማሳየት ትርጉም የለውም፣ ፕላስቲኩ ንፁህ ከሆነ ግን ዝቅ የማይልበትን መንገድ ትተህ ወደ አደጋ የምትሮጥበት ምክንያት አይታየኝም።

«ሰብሬ ብልከው የድሮውን ግሬድ ስለማያውቁ በነፃ ዓይን ያዩታል»

እውነት አለው፣ ነጋዴዎችም ያደርጉታል። ግን ስላቡን በሰበርክባት ደቂቃ የድርጅቱ ዋስትና አብሮ ተሰብሯል። 64 የነበረው 63 ሆኖ ቢመጣ ማንንም አትጠይቅም፣ «የታጠበ» ተብሎ ቁጥር ሳይሰጠው «ዲቴይልስ» (ጉዳት አለበት ማለት ነው) ተፅፎበት ቢመለስም እንደዛው። ስላቡ ውስጥ እያለ ግን ድርጅቱ የሰጠውን ግሬድ ራሱ ዝቅ ካደረገ በዋስትናው ውል መሰረት ልዩነቱን የሚክስበት አሰራር አለ። በዛ ላይ ፒንሳው ሲያመልጥ፣ የፕላስቲክ ስባሪው ሲቧጥጠው፣ በቃ የጠፋው አይመለስም። እኔ በበኩሌ ውድ ሳንቲም ቤት ውስጥ ሰብሮ ማውጣትን ለማንም አልመክርም።

«አንድ ነጥብ ከጨመረ ዋጋው ይዘላል»

እንደ ሳንቲሙ ነው። በ1881 ሳን ፍራንሲስኮ የተመታው ሞርጋን ከ12 ሚሊዮን በላይ ነው፣ ያልተነካው ሞልቷል፣ ከ64 ወደ 65 ቢወጣ ልዩነቱ የአገልግሎቱን፣ የፖስታውን እና የኢንሹራንሱን ወጪ ላይሸፍን ይችላል። እዛው ከተማ በ1884 የተመታው ደግሞ 3.2 ሚሊዮን ነው፣ ግን አብዛኛው ገበያ ላይ ስለዋለ ንፁሁ ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ከኤዩ 58 (በጣም ትንሽ ብቻ ገበያ ላይ የዋለ) ወደ ሚንት ስቴት ከተሻገረ ዋጋው በብዙ እጥፍ ይሄዳል። ፒሲጂኤስ ደግሞ ግሬዱ ከፍ ካለ በዋጋ መመሪያው ላይ ካለው ዋጋ 1 ፐርሰንት ተጨማሪ ያስከፍላል። ስለዚህ ከመላክህ በፊት «እንደነበረ ቢመለስ ስንት አጣሁ፣ ቢጨምር ስንት አገኘሁ» ብለህ ወረቀት ላይ ፃፈው፣ ቢጨምር የምታገኘው የአንድ ጊዜ ወጪህን በደንብ ካልበለጠ ተወው።

«መጀመሪያ ትንሽ ባፀዳው ይሻለዋል»

እባካችሁ ይሄን ተዉት። የምኒልክ ብር ላይ በጣም ያሳዝነኛል። ፓሪስ የተመታ፣ ለምሳሌ 1887 ወይም 1889 በእኛ አቆጣጠር የተፃፈበት፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ከሺህ 835 እጁ ንፁህ ብር የሆነ ሳንቲም ነው፣ ከዛ አንድ ሰው በጥርስ ሳሙና ወይም በሎሚ ፈትጎ ያበራዋል። የመጀመሪያው ላስተር ማለት ማሽኑ ሲመታው ብረቱ ላይ የቀሩት ጥቃቅን መስመሮች ናቸው፣ ሲፈተግ ይጠፋሉ፣ የሚተካቸው የጨርቁ ጭረት ነው፣ ግሬደሩ በአንድ እይታ ያውቀዋል። ግራጫ ወይም ሰማያዊ የሆነው ቀለም ብዙ ጊዜ ጥቅም እንጂ ጉዳት አይደለም። በፕላስቲክ አልበም ምክንያት አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ከወጣበት ለብቻው የኮንሰርቬሽን አገልግሎት አለ፣ ኤንጂሲ ጋ ኤንሲኤስ ይባላል፣ ወደዛ ይሂድ።

«ዲቴይልስ የተባለውን ደግሜ ብልከው ቁጥር ያገኛል»

አንገት ላይ ተንጠልጥሎ የኖረ የምኒልክ ብር ብዙ አለ፣ እናቶቻችን ማንጠልጠያ አስበይደውበታል። ማንጠልጠያው ቢነሳም ጠርዙ ላይ የብየዳው ምልክት ይቀራል፣ አስር ጊዜ ብትልከው አስር ጊዜ ያዩታል። ክፍያውን አታባክን። ቤተሰብህ ውስጥ የቆየ ከሆነ እንዳለ አስቀምጠው፣ ለልጆችህ ከቁጥሩ በላይ ነው። አከራካሪ ሆኖ ለጥቂት ዲቴይልስ የተባለ ግን ከሆነ፣ ለምሳሌ «ምናልባት ታጥቧል» የሚባለው ዓይነት፣ እሱ አንድ ሙከራ ሊገባው ይችላል።

«አሮጌ ስላብ ውስጥ ያለው መቀየር አለበት»

በተቃራኒው። ፒሲጂኤስ በ1986፣ ኤንጂሲ በ1987 ሲጀምሩ የነበሩት ስላቦች ራሳቸው ፈላጊ አላቸው፣ ያን ጊዜ ግሬድ ጠበቅ ያለ ነበር የሚል ሰው ብዙ ስለሆነ ይጨምሩበታል። ግሬድ የተሰጠውን ሳንቲም ድጋሚ የሚመረምረው ሲኤሲ የሚባለው ድርጅት የወርቅ ስቲከር ለጥፎበት ከሆነ ደግሞ የተሰጠው ግሬድ ከሚገባው ያነሰ ነው የሚለው ፍርድ አስቀድሞ ተሰጥቷል፣ ገዢው ያንን ያውቃል። ከስላቡ ስታወጣው ስቲከሩ አብሮ ይቀራል፣ እኔ ብሆን አልነካውም።

«ፖፑሌሽኑ ጥቂት ስለሆነ ልሞክር»

ፖፑሌሽን ሪፖርት (ድርጅቱ በየግሬዱ ስንት ሳንቲም እንዳየ የሚቆጥርበት ዝርዝር) ላይ ያለው ቁጥር የሳንቲም ቁጥር ብቻ አይደለም፣ ሰብረው ደጋግመው የላኩት አንድ ሳንቲም ሦስት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ በ64 ብዙ፣ በ65 ትንሽ ካየህ ከፊሉ እነዛው ሳንቲሞች 65 ሊያገኙ ሲሞክሩ የተቆጠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ሰብረህ ካወጣህ የድሮውን ሌብል ለድርጅቱ መልስ፣ ከቁጥሩ ላይ ይቀንሱታል፣ ከአንተ በኋላ የሚገዛው ሰውም ትክክለኛውን ያያል።