የአፈር ናሙና ታሽጎ ለምን 28 ቀን ይቆያል?

ከደብረ ማርቆስ ወይም ከዳንግላ ማሳ የመጣ ቀይ አፈር ለጋማ ስፔክትሮሜትሪ (ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች በሚለቁት የጋማ ጨረር ጉልበት ተለይተው ለሚለኩበት ዘዴ) ሲዘጋጅ፣ «ታሽጎ 28 ቀን ይቆይ» የሚለው ደንብ ብዙ ተማሪዎችን ግራ ያጋባል። አፈሩ እስኪደርቅ የሚጠበቅ ይመስላቸዋል። ማድረቁ ግን ቀድሞ አልቋል፦ በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ተነፍቷል።

የሚጠበቀው ራዶን ነው፤ እሱም አፈሩ ውስጥ ያለው ራዲየም ሲፈርስ ይወለዳል። ራዲየም-226ን በራሱ የ186 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት መስመር (በዚህ ጉልበት በሚለቀው ጋማ ጨረር) መለካት ያስቸግራል፤ የዩራኒየም-235 መስመር እዚያው ላይ ይደረብበታል። ስለዚህ ከራዲየሙ መፍረስ በተከታታይ የሚወለዱትን እርሳስ-214ን (በ352) እና ቢስመዝ-214ን (በ609) እንቆጥራለን። በመካከል ያለው ራዶን-222 ግን ጋዝ ነው፤ አፈሩ ሲፈጭና ሲነፋ ከፊሉ ያመልጣል። እሱ ሲጎድል ልጆቹም ይጎድላሉ፣ ራዲየሙም ካለው በታች ሆኖ ይነበባል።

የራዶን ግማሽ ዕድሜ (ግማሹ ለመፍረስ የሚፈጅበት ጊዜ) 3.82 ቀን ነው። ዕቃው ከታሸገ በኋላ ከጎደለው ውስጥ በ7 ቀን 72 በመቶ ያህሉ፣ በ28 ቀን ደግሞ 99.4 በመቶው ይተካል። በሳምንቱ ቸኩሎ መቁጠር የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

እሽጉ ካፈሰሰ ግን ወሩም ከንቱ ነው። ሲሊኮን አየር የማያስገባ ቢመስልም ራዶንን ያሳልፋል፤ ክዳኑን በኢፖክሲ ማጣበቅ ይሻላል። ዕቃውም እስከ አፉ ይሞላ፤ ባዶ ቦታ ከቀረ ራዶኑ እዚያ ይጠራቀምና ልኬቱን ያዛባል።

ፖታሲየም-40ን ወይም ሲዚየም-137ን ብቻ ለሚለካ ሰው ግን እነዚህ ከራዶን ስለማይወለዱ ይህ ሁሉ ጥበቃ አያስፈልገውም።