ስለ ጄኔራሎች የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የከፍተኛ መኮንኖች የማዕረግ ዕድገት በዜና በተነገረ ማግስት፣ እዚህ ጅማ ሕርማታ ሰፈር ቡና ስንጠጣ ስለ ጄኔራሎች የምንሰማው የተሳሳተ ወሬ ብዙም አይለዋወጥም። ጎረቤቴ የሆኑት ጡረተኛ ኮሎኔል እንዲህ ያለውን ወሬ ሲሰሙ ስኒያቸውን አስቀምጠው ዝም ይላሉ። እኔ ግን ዕድሜ ልክ የሚለፋበት ሙያ በዚህ መልክ ሲነገር ዝም ማለት ስለከበደኝ፣ ደጋግሜ የሰማኋቸውን ስሕተቶች ላርማቸው ተነስቻለሁ።

«ጄኔራል አንድ ማዕረግ ነው» የሚለው ቀላሉ ነው። በአክብሮት ሁሉንም «ጄኔራል» ብለን ብንጠራም፣ ብርጋዴር ጄኔራል፣ ሜጀር ጄኔራል፣ ሌተና ጄኔራል እና ጄኔራል የተባሉ አራት ደረጃዎች አሉ፤ ከእነርሱም በላይ በ2014 ዓ.ም. ለብርሃኑ ጁላ የተሰጠው የፊልድ ማርሻልነት ማዕረግ አለ።

«ጥሩ ተኳሽና ደፋር የሆነ ሁሉ ጄኔራል ይሆናል» የሚለው ግን ከሁሉም የበለጠ የተስፋፋና ሙያውን ከሥሩ የሚያዛባ አመለካከት ነው። መቶ የተባለውን አነስተኛ የጦር ክፍል የሚመራ ወጣት መኮንን ወታደሮቹን በዓይኑ እያየ ያዛል፤ ሻምበል፣ ከዚያም ሻለቃ ጦር ሲመራ የሚያዘው ሰው እየበዛ፣ በዓይኑ የሚያየው ግን እያነሰ ይሄዳል። ብርጌድና ክፍለ ጦር ላይ ሲደርስ ሥራው በአብዛኛው በመምሪያ መኮንኖች የሚዘጋጅ የሰው ኃይል፣ የመረጃ፣ የዘመቻና የሎጂስቲክስ ጉዳይ ይሆናል። ኮሎኔሉ አንድ ጊዜ ከሣጥናቸው ያወጡልኝ፣ ጠርዙ የተበላ ደብተር ይህን ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ አስረድቶኛል። በእርሳስ በተሰመሩት ዓምዶች ውስጥ ስለ ተኩስ የተጻፈ ነገር እምብዛም የለም፤ ያለው ውኃ፣ ነዳጅ፣ መለዋወጫ፣ የቁስለኛ ማመላለሻ ነው። በአንዱ ገጽ ኅዳግ ላይ «ድልድዩ ታንክ ይሸከማል?» ተብሎ ተጽፎ ሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሯል። ጄኔራል የሚባለው ሰው ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ጦር የማያንቀሳቅስ ሰው ነው። ድፍረት ያስፈልጋል፤ ብቻውን ግን ከሻምበልነት ብዙም አያሻግርም። የአገልግሎት ዘመን መቁጠርም ቢሆን አይበቃም፤ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ቦታው እየጠበበ ስለሚሄድ ብዙ ብቁ መኮንኖች፣ እንደ ጎረቤቴ፣ ኮሎኔል ሆነው ጡረታ ይወጣሉ።

«ከጦር አካዳሚ ያልወጣ ጄኔራል አይሆንም» የሚሉም አሉ። በስዊድን መኮንኖች መምህርነት የተጀመረው የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤትም ሆነ በ1950ዎቹ በሕንዳውያን አሠልጣኞች የተመራው የሐረር አካዳሚ ብዙ ከፍተኛ መኮንኖችን ማፍራታቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ «የበጋው መብረቅ» የተባሉት ጃገማ ኬሎ በጣሊያን ወረራ ዘመን ገና በልጅነታቸው ዱር ቤቴ ብለው፣ ከነጻነት በኋላ ወደ መደበኛው ጦር ገብተው ሌተና ጄኔራል ሆነዋል። የአርበኝነት ጀብዱ ሁሉ ግን ወደ ጄኔራልነት አላመራም። ጅማ በ1933 ዓ.ም. ከጣሊያን ነጻ ስትወጣ አርበኞቻቸውን ይዘው የተፋለሙት ገረሱ ዱኪ፣ አባ ቦራ፣ የተሰጣቸው ነባሩ የደጃዝማችነት ማዕረግ ነበር። በዚያ ዘመን ሁለቱ የማዕረግ ሥርዓቶች ጎን ለጎን ይሄዱ ስለነበር አንዱን በሌላው መተርጎም ያሳስታል።

«ጠቅላይ ኤታማዦር ሹሙ ከማንም ትእዛዝ አይቀበልም» የሚለውን ሕገ መንግሥቱ ራሱ ይመልሰዋል። ጠቅላይ አዛዡ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ በአንቀጽ 87 መሠረት የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ የሚሾመው ሲቪል ነው፤ ሠራዊቱም ከማናቸውም የፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነጻ ሆኖ ተግባሩን ያከናውናል። ከፍተኛ የውትድርና ማዕረግ የሚሰጠው ፕሬዚዳንቱ ቢሆንም፣ አቅራቢው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው።

«የጄኔራል ሥራ አገር ውስጥ ያበቃል» ለሚሉት ሁለት ስም ይበቃል። ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ከ1954 እስከ 1955 ዓ.ም. በኮንጎ የተባበሩት መንግሥታትን ጦር አዝዘዋል፤ በ2003 ዓ.ም. ሱዳንና ደቡብ ሱዳን በሚወዛገቡባት በአብዬ ግዛት የተቋቋመውን የሰላም አስከባሪ ኃይል ደግሞ በመጀመሪያ የመሩት ሌተና ጄኔራል ታደሰ ወረደ ናቸው።

«ማዕረጉ ከፍ ባለ ቁጥር ሰውየው ከአደጋ ይርቃል» የሚለውን ስሰማ ግን አዝናለሁ፤ የቅርቡ ታሪካችን ተቃራኒውን ይመሰክራልና። ደርግን በሊቀ መንበርነት የመሩት ሌተና ጄኔራል አማን አንዶም ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሊይዟቸው በመጡ ወታደሮች መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ። በግንቦት 1981 ዓ.ም. ከፍተኛ መኮንኖች በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ ያደረጉት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ ኤታማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ ራሳቸውን አጠፉ፤ በኤርትራ የነበረው ጦር አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ አስመራ ላይ ተገደሉ፤ ከተያዙትም ብዙዎቹ በቀጣዩ ዓመት በሞት ተቀጡ። አገሪቱ ለዓመታት ያስተማረቻቸውን አዛዦች በአንድ ዓመት ውስጥ አጣች። ጎረቤቴ ያን ግንቦት ሲያነሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ የሟቾቹን ስም የሚጠሩትም እስከ ዛሬ ከነማዕረጋቸው ነው።