የውሃ አበባ በአኳሪየም፦ ደሴና ኮምቦልቻ

በአኳሪየም፣ ማለትም ዓሣ በሚረባበት የመስታወት ገንዳ፣ ከሚተከሉ ዕፅዋት መካከል የውሃ አበባን የሚያህል ግርማ ሞገስ ያለው ጥቂት ነው። በብዛት የሚተከለው ታይገር ሎተስ የሚባለው ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኒምፊያ ሎተስ ይባላል። ቀይም አረንጓዴም ዓይነት አለው፤ ቅጠሉ ጠቆር ባለ ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ ነው። የአፍሪካ ተክል ነው፤ በአገራችንም ረጋ ባለ ውሃ ላይ ይበቅላል።

ተክሉ ሙቀት ይወዳል። ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማዋል። ደሴና ኮምቦልቻ የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው። ኮምቦልቻ ላይ በሞቃቶቹ ወራት ማሞቂያው ብዙም ሥራ የለውም። ደሴ ላይ ግን፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ያለ ማሞቂያ አይሆንም፤ ውሃው ከቀዘቀዘ ተክሉ ቅጠል ማውጣት ያቆማል። መብራት ሲጠፋስ? ብዙ ውሃ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ስለዚህ ለደሴ ሰው ከ20 ሊትር ገንዳ ይልቅ የ100 ሊትሩ ይሻላል። መብራት እስኪመጣ ገንዳውን በጋቢ መጠቅለልም ይረዳል።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክፍት ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን ይደር። የወንዝ አሸዋ ደህና አድርጎ ታጥቦ ይገባል። ሎሚ ሲጨመቅበት አረፋ ካወጣ ኖራ አለበትና ሌላ መፈለግ ነው። ትንሽ ድንች የምትመስለው የተክሉ ኮረት ሙሉ በሙሉ አትቀበርም፤ ትበሰብሳለች። ግማሿ ከአሸዋው በላይ ትቅር። ምግቡን የሚስበው በሥሩ ስለሆነ፣ ለአኳሪየም የተሠራ የማዳበሪያ እንክብል ሥሩ አጠገብ ይቀበርለታል። የማሳ ማዳበሪያ፣ ዳፕም ሆነ ዩሪያ፣ በፍጹም አይገባም፤ አሞኒያው ዓሣዎቹን ይፈጃል። የገንዳው መብራት በቀን ለ8 እስከ 10 ሰዓታት ያህል ቢበራ ይበቃዋል።

ሲጠነክር ረጅም ዘንግ ያለው ቅጠል ወደ ላይ ይልካል። ያ ቅጠል ውሃው ላይ ከተነጠፈ ከታች ያለውን ሁሉ ያጠላበታል። ዘንጉን ከሥሩ መቁረጥ ነው፤ ተክሉም ቀስ በቀስ ታች ወደሚቀሩት ቅጠሎች ይመለሳል። አበባ የሚፈልግ ግን ጥቂቶቹን ይተዋቸው። እኔ ብሆን የታቹን ቀይ ቅጠል እመርጣለሁ።

ማራባቱ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ከባድ አይደለም። እናትየዋ ከኮረቷ ቀጭን ሐረግ በአሸዋው ውስጥ ትሰዳለች፤ ጫፉ ላይ ልጅ ትበቅላለች። ልጅቷ ሦስት አራት ቅጠልና የራሷን ነጫጭ ሥሮች ስታወጣ ሐረጉን በስል መቀስ ቆርጦ ሌላ ቦታ መትከል ነው። ሥር ሳታወጣ ከተቆረጠች አትጸናም። ሌላም መንገድ አለ፦ ከኮረቷ ላይ የበቀለውን ቡቃያ ከነሥሩ በጣት መንቀል። ኮረቷ ውስጧ ስንቅ ስላላት ብዙ ጊዜ ሌላ ቡቃያ ታወጣለች።

ልጆቹ ሲበዙ ለወዳጅ ይሰጣሉ። የተረፈው ደርቆ ይጣል እንጂ ቦርከና ወንዝም ሆነ ሐይቅ አይግባ። ከሌላ ቦታ የመጣ የውሃ ተክል ምን እንደሚያደርግ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጣናን የወረረው እንቦጭ አሳይቶናል።

በዘርም ይራባል። አበባው ማታ ይፈነዳል፤ ፍሬው ውሃ ውስጥ ይበስላል። ዘሮቹ መጀመሪያ ይንሳፈፋሉ፣ ቆይተው ይሰጥማሉ። ያኔ ተለቅመው ሞቅ ባለ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ችግኞቹ ጠንከር ሲሉ ወደ ዋናው ገንዳ ይዛወራሉ።